መጀመሪያ እሷን ጠይቋት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የመድኃኒት ቤት ሰው ሐኪም ሳይሆን ሐኪም የሚጠየቀውን ሁሉ ሲጠየቅ ይውላል። ከሁሉም የሚከብደኝ ወጣት ሴቶች ከኋላቸው የቆመው ወንድ እንዳይሰማቸው ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው የሚያንሾካሹኩት ነው። «ሲስተር፣ ጡቴን ምች መቶኝ ነው፤ አሞክሳሲሊን ስጪኝ።» «ወተቱ ቋጥሮ ቀረ።» «መርፌውን ከተወጋሁ ወዲህ የመጣ ነገር ነው።» አብዛኞቹ እውነታቸውን ነው። የሚያጠባ ጡት ይቋጥራል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል፤ በወጣትነት ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት ብዙውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ስላልሆነም ነው የጥቂቶቹ ሳይታወቅ ወር በወር ላይ የሚደራረበው።

እኔ ማድረግ የምችለው ትንሽ ነው። አንቲባዮቲክ ሐኪም አዝዞላት ከሆነ እሰጣታለሁ፤ ጨርሳው እብጠቱ ካልሟሸሸ ግን ሌላ ዙር ፍለጋ እኔ ጋ እንዳትመለስ፣ አልትራሳውንድ እንድትታይ አጥብቄ እነግራታለሁ። «እያጠባሁ ነው» ማለት ሰበብ አይሆንም፤ ማጥባት አልትራሳውንድም ባዮፕሲም (ከእብጠቱ ናሙና ወስዶ መመርመርም) አይከለክልም። «ደግሞም አያመኝም» ስትለኝ ይብስ እሰጋለሁ። ጠጠር ያለ፣ ዳር ዳሩ በእጅ ሲዳሰስ የማይጨበጥ፣ ቆዳውን ወይም የጡቷን ጫፍ ወደ ውስጥ የሚስብ እብጠት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። እኛ አገር ደግሞ ያላመመ ነገር አይታከምም።

ሐኪሞች በጡት ካንሰር ጉዳይ «ወጣት» የሚሉት ከ40 ዓመት በታች ያለችውን ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያለች ታማሚ ጥቂት ናት፤ እዚያ የምትታመመው አብዛኛዋ ያረጠች ሴት ናት። እኛ ጋ በተሠሩ ጥናቶች የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 40ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ራሱ ወጣት ነው፣ ስለዚህ ታማሚውም ወጣት ይበዛዋል። የሚለጠፈው ፖስተርና የሚነገረው ምክር ግን የተቀዳው ለ55 ዓመቷ ፈረንጅ ከተዘጋጀው ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሮዝ ሪባን ደረታችን ላይ ሰክተን «ማሞግራም ተነሱ» እንላለን፤ የጡት ራጅ ማለት ነው። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ማሞግራም ላይ ጡቱም እብጠቱም ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ ፊልሙ ንጹሕ ነው ተብላ የምትመለስ አለች። ለእሷ ቀድሞ የሚጠቅማት አልትራሳውንድ ነው፣ እሱ ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም አለ። ሪባኑን አልጠላም፤ ከሪባኑ ጋር ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ማያያዝ ግን ምን ይጎዳ ነበር?

ይህን ሁሉ የምለው ከባንኮኒ ጀርባ ሆኜ ብቻ አይደለም። ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ትሠራለች። የታመመችው በ31 ዓመቷ፣ ልጇን እያጠባች ነው። የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው፤ «ስሜን ብቻ ተይው፣ ሌላውን እንደሆነው ጻፊው» ብላኛለች።

እንደሆነው ከተጻፈ መነሻው በሽታው አይደለም። የባዮፕሲው ውጤት የደረሰ ቀን ሐኪሙ ክፍል የገቡት የባሏ ታላቅ ወንድምና የእኛ አጎት ናቸው። እሷ ልጇን ታቅፋ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱም ከሐኪሙ የለመኑት አንድ ነገር ነበር፤ «ለእሷ አይነገራት፣ ትሰበራለች።» ሐኪሙም እሺ አሉ። እሷ የተነገራት «እጢ ናት፣ በመድኃኒት ትሟሽሻለች፣ ከዚያ ትወጣለች፤ አብሽሪ» የሚል ነው። እኔ በስልክ ስሰማ ተቃወምኩ። አጎቴ «አንቺ ደግሞ ሁሉን በመድኃኒት ቤት ዓይን ታዪዋለሽ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ክፉዎች አይደሉም። አጎቴ ለሕክምናዋ ብለው ሁለት በሬ ሸጠዋል፤ የባሏ ወንድም ከሥራ እየቀሩ ሲያመላልሷት ከርመዋል። እኛ ጋ ክፉ ወሬ በቀጥታ ለባለቤቱ አይደርስም፤ መርዶ እንኳ የሚነገረው ዘመድ ተጠራርቶ፣ ሌሊቱ አልፎ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። ግን መርዶ የሚነገረው ሰው ከእንግዲህ ማልቀስ እንጂ መወሰን አይጠበቅበትም። የታመመ ሰው ገና ብዙ የሚወስነው አለው።

እህቴ ያወቀችው ኬሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድለውን መድኃኒት) የምትወስድበት ክፍል ውስጥ ነው። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ወሬ ብጤ ጀመረቻት፦

«የኔ እህት፣ ስንተኛሽ ነው?»

«የምኑ?»

«የኬሞው ነዋ። ያንቺም የጡት ካንሰር አይደል እንዴ?»

ማታ ደወለችልኝ። አላለቀሰችም። «እጢ ያላችሁኝ ይሄንን ነው?» አለችና ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲያው ዕቅዷን መጠየቅ ጀመረች። ስንት ዙር ነው? ፀጉሬ መቼ ነው የሚረግፈው? ልጄን አሁን ማጥባት እችላለሁ? ትችላለች ያልተባለችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ትሰበራለች የተባለችው ሴት ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ጥያቄዋን በተራ አስቀመጠች።

መደበቁ የጎዳት ስሜቷን ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ያን ቀን የባሏን ወንድም «ልጅ አላት?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። «አላት፣ አንድ።» «ጥሩ።» በቃ፣ ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘጋ። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት ኬሞዎች አንዱ የሆነው ሳይክሎፎስፋማይድ እንቁላል ማቀፊያዋን የመጉዳት ጠባይ አለው፤ አንዳንዷ የወር አበባዋ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ጎሴሬሊን የሚባል በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ በኬሞው ወቅት እንቁላል ማቀፊያዋን አስተኝቶ ያቆይና ጉዳቱን በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል፣ ግን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ መጀመር አለበት። እንቁላል ወይም ፅንስ አውጥቶ ማቆየትም አለ፤ ያም የሚሆነው ከኬሞ በፊት ነው። መርፌው ውድ ነው፣ እኛ ጋ ፈልጎ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው፤ ምናልባት ብትጠየቅም አይሳካም ነበር። ግን እህቴ ሁለተኛ ልጅ እንደምትፈልግ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስት ወንዶች አንዳቸውም አያውቁም ነበር።

ሌላም የማያውቁት ነበር። ክንዷ ላይ የተቀበረ የወሊድ መከላከያ ነበራት። ባሏ ያውቃል፤ የባሏ ወንድም ከየት ያውቁታል? በሆርሞን የሚሠራ መከላከያ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም ሆነ የሦስት ወሩ መርፌ ወይም በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን፣ የጡት ካንሰር ላለባት ሴት አይሆንም። ካንሰሩ ሆርሞን የሚመገብ ዓይነት ከሆነማ ጭራሽ። ለእሷ የሚሆነው ሆርሞን የሌለው የመዳቡ ሉፕ ነው፤ ጤና ጣቢያም ይገኛል። እህቴን ይህን የጠየቀቻት በሁለተኛው ዙር ላይ አንዲት ነርስ ናት። ክንዷ ላይ መድኃኒት ልትሰጣት ስትል ጣቷ ያቺን ትንሽ እንጨት መሳይ ነገር ነካና «ይሄ እስካሁን አልወጣም እንዴ?» አለቻት። ጥያቄዋ ምርመራ አልጠየቀም፣ ብር አልጠየቀም።

ለእያንዳንዷ ታማሚ በልኳ የሚሰጥ ሕክምና ሲባል በኢንተርኔት የምናነበው ስለ ጂን ምርመራ ነው። ዕጢው ውስጥ ያሉ 21 ጂኖችን አንብቦ ኬሞ ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም የሚል ምርመራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣው ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ብዙ ሴቶች ኬሞን ሊዘሉት እንደሚችሉ አሳይቷል። ከ50 በታች ያሉት ላይ ግን ያው ውጤት እንዲህ ቁርጥ ያለ አልሆነም፤ መካከለኛ ነጥብ ካገኙት ውስጥ ከኬሞው የተጠቀሙ ነበሩ። ዕድሜ እዚያም ይገባል ማለት ነው። እህቴ ይህን ሳወራላት ሳቀች። «የኛ ፋብሪካ አንድ ቁጥር ብቻ ቢሰፋ ማን ይገዛው ነበር?» አለችኝ።

እኛ ጋ በልክ መስፋት የሚጀምረው ከአንድ ወረቀት ነው። ባዮፕሲው «ካንሰር ነው» ብሎ ካቆመ ሥራው ግማሽ ላይ ነው ያለው። ሦስት ነገር መመርመር አለበት፦ የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ፣ እና ሄር-2 የሚባል ፕሮቲን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካሉ ካንሰሩ በሴት ሆርሞን ነው የሚያድገው፤ ያንን የሚዘጋ ታሞክሲፌን የሚባል ኪኒን አለ። ሄር-2 ከበዛ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ ዋጋው ግን እስከ ዛሬ ያስደነግጣል። ሦስቱም ከሌሉ ዋናው መሣሪያ ኬሞ ነው። ለረጅም ጊዜ የአፍሪካ ሴቶች ካንሰር አብዛኛው ሆርሞን የማይቀበል ነው ይባል ነበር። አዲስ አበባ ላይ ከ350 በላይ በሆኑ የኢትዮጵያ ሴቶች ናሙና ላይ የተሠራ ጥናት ግን ሁለት ሦስተኛ ገደማው የኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳለው አግኝቷል። ይህ ለእኛ ትልቅ ወሬ ነው፤ አብዛኛዋ ታማሚያችን ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ርካሽ በሆነው በታሞክሲፌን ልትጠቀም ትችላለች ማለት ነው። ወረቀቱ ከተገኘ።

የእህቴን ናሙና አዲስ አበባ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከጡቷ በመርፌ የወጣችው ቀጭን የሥጋ ክር መጀመሪያ ፎርማሊን በሚባል፣ ሥጋ እንዳይበላሽ በሚያደርግ ፈሳሽ ውስጥ ትቆያለች፤ ከዚያ ውሃዋ ወጥቶ በምትኩ ሰም ይገባባትና አነስተኛ ፕላስቲክ ላይ ትረጋለች። ፕላስቲኳ ጫፍ ላይ ቁጥሯ በእርሳስ ተጽፏል። በእስክሪብቶ ያልሆነው ናሙናዋ የምታልፍባቸው አልኮልና ኬሚካሎች ቀለሙን ስለሚያጥቡት ነው። ያቺን ነገር በፖስታ አድርጌ፣ ፖስታውን በቦርሳ፣ ቦርሳውን ጭኔ ላይ፣ ሰሙ ፀሐይ እንዳያገኘው ከመስኮቱ ወዲህ ሸሽቼ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝኩ። ሾፌሩ ጓዜን ላይ ልስቀለው ሲለኝ እንዴት እንዳየሁት እንጃ፣ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

በመንገድ ያሰብኩት ስለ ፎርማሊኑ ነው። ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያነሰ ወይም ከ72 ሰዓት የበለጠ ከቆየ ተቀባዩ እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል፤ ፎርማሊኑም ሥጋውን በደንብ የሚያጠልቅ መሆን አለበት። «የለም» የተባለች ሴት ደግሞ ታሞክሲፌን አይታዘዝላትም። ስለዚህ ባዮፕሲ የምትሰጡ ሰዎች ናሙናው መቼ ፎርማሊን ውስጥ እንደገባ፣ መቼ እንደሚወጣ ጠይቁ። ቅር የሚለው ባለሙያ ይኖራል፤ ቅር ይበለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ የላብራቶሪ ዕቃም አብሮ ሄዷል፤ ከዚያ የቆመውን ሥራ መልሰው ያስነሱትን ሰዎች አከብራለሁ። ጥያቄው አክብሮትን አይቀንስም።

የእህቴ ውጤት ኢስትሮጅን አለ፣ ፕሮጄስትሮን አለ፣ ሄር-2 የለም የሚል ሆነ።

ኬሞው ደሴ ላይ በየ21 ቀኑ ነበር። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን መካከል ላይ የሐረጎ ቁልቁለት አለ። ሐረጎን ጤነኛ ሆኖ በሚኒባስ የወረደ ሰው እንኳ ሆዱን ይዞ ነው የሚወርደው፤ ያን ቀን ቀዩን ዶክሶሩቢሲን የወሰደች ሴት ደግሞ ያን ጠመዝማዛ እንድትወርድ መፍረድ ግፍ ነው። እኔ ቤት ታድርና በማግስቱ ትሄዳለች። ይህን የነገርኳቸው ነርሶች ቀጠሮዋን ከፋብሪካው የዕረፍት ቀን ጋር አገጣጠሙላት፤ ደሞዟ ሳይቆረጥ ብዙ ዙር አለፈ። እናታችን ዱዓ አስደረገች፣ የአባታችን እህት ከገዳም ጸበል አመጡላት፤ የወሎ ቤት ነውና ሁለቱም በየተራቸው ተስተናገዱ። ሐኪሟ (አሁን ሌላ ሐኪም ናቸው) አልተቆጧትም፣ አልሳቁባትምም። ከኬሞው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነጭ የደም ሴሏ ስለሚወርድ ጸበሉን እንድትቀባው፣ ያልፈላ ውሃ ግን እንዳትጠጣ፣ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳታድር እንድትመጣ ነገሯት። አክስታችን ይህን ሲሰሙ ጸበሉን አፍልተው አመጡ። ከካህኑ ጋር ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

ቀዶ ሕክምናው ላይ ሲደርስ ምርጫ ነበራት። እብጠቷ በኬሞው ስለሟሸሸ እሱን ብቻ አውጥቶ ጡቷን ማትረፍ ይቻል ነበር፤ ሚላን ላይ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ፣ አሜሪካ ላይ በርናርድ ፊሸር ያካሄዷቸው ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2002 የ20 ዓመት ውጤታቸው ሲወጣ በሕይወት በመቆየት በኩል ሙሉ ጡት ከማስወጣት ጋር ልዩነት አልተገኘም። ግን ጡት ሲተርፍ ጨረር ግድ ይላል። ጨረር ደግሞ ለብዙ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ አሁን ሌሎች ቦታዎች እየተጨመሩ ቢሆንም ለደሴ ሰው ያው አዲስ አበባ፣ ያው ወረፋ፣ ያው ለሳምንታት የሰው ቤት ነው። ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ የሚሰጠውን የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበርን ጠቆምኳት። እሷ ሁሉንም ሰማች፤ በእሷ ሁኔታ ጡቷ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ጨረሩ ሊቀር እንደሚችልም ሐኪሟ ነገሯት። ከባሏ ጋር አደሩበትና «ይውጣ» አለች። እዚህ ላይ እኔና እሷ አልተስማማንም፤ እኔ ጡቷን ብታተርፍ እመርጥ ነበር። ልጄን ጥዬ ያን ያህል ጊዜ አልሄድም አለች። ውሳኔው የእሷ ነው፣ አለቀ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተሰጣት ምክር «ከባድ ነገር አታንሺ» የሚል ነበር። ገና የሚታዘል ልጅ ላላት እናት ይህ ምን ማለት ነው? የአንቀልባው ማሰሪያ የሚያርፈው እዚያው ቁስሏ ላይ ነው። ከብብቷ ንፍፊቶች ስለወጡ ያ ክንድ ሊያብጥ ይችላል፤ መርፌም የደም ግፊት መለኪያም እዚያ ክንድ ላይ እንዳይደረግ፣ ጄሪካንም እንዳትይዝበት፣ ግን ደግሞ ትከሻዋ እንዳይደርቅ በየቀኑ በጣቶቿ ግድግዳ እየቧጠጠች ክንዷን ወደ ላይ እንድትወስደው የነገረቻት ያቺው ነርስ ናት። ልጁን ለጊዜው አያቱ አዘሉት።

ወደ ሥራ ስትመለስ ሸሚዟ በአንድ በኩል ተጣጥፎ ይቀራል። የተገዛው ሰው ሠራሽ ጡት ውድ ነው። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የራሷን ሰፋች። መጀመሪያ በጥጥ ብቻ ሞላችው፤ ቀልሎ እየወጣ ወደ አንገቷ ሄደባት። ፈታችውና ከታች በኩል በትንሽ ከረጢት ማሽላ ጨመረችበት፣ ክብደቱ ከሌላው ጋር ተካከለ። ላብ እንዲመጥ በሚታጠብ ሽፋን ለበጠችው። አሁን ኬሞ ክፍል ውስጥ ላገኘቻቸው ሴቶች እየለካች ትሰፋለች፤ ዋጋ ተቀበይ ስላት «ማሽላውን ይዘው ይምጡ» ትላለች።

ታሞክሲፌኑ በቀን አንድ፣ 20 ሚሊግራም ነው፤ ቢያንስ ለአምስት ዓመት፣ ለአንዳንዷ እስከ አሥር። ድንገት ከደረት ተነስቶ ፊት ላይ የሚወጣው ሙቀት ኮምቦልቻ ላይ ስላስመረራት እኔ ቤት ስትመጣ መስኮት ከፍታ ትተኛለች። የደሴ ብርድ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው የጠቀመው ያኔ ይመስለኛል። ረመዳን ሲመጣ እንዳይቋረጥ ሰጋሁ፤ በቀን አንድ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ትወስደዋለች፣ ችግር የለውም።

የሙያዬ ነገር ሆኖ አንድ ጉዳይ ልጨምር። ታሞክሲፌን እንደተዋጠ ሙሉ ኃይሉን አያገኝም፤ ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው ወደ ብርቱው መልኩ የሚለውጠው። ይህ ኢንዛይም ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ከአውሮፓውያን ጋር ሲተያይ በጣም ብዙ ነው። በዚህ ምርመራ ተመርኩዞ መድኃኒት መቀያየር በመደበኛነት አይመከርም። ኢንዛይሙን የሚያግዱ መድኃኒቶች ግን አሉ፣ ከእነሱም አንዱ ለድባቴ በብዛት የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲን ነው። ካንሰር ያለባት ወጣት ድባቴ ቢይዛት ምን ይገርማል? ስለዚህ ፍሉኦክሰቲን የታዘዘላት ሴት ስትመጣ «ሌላ የምትወስጂው አለ?» እላታለሁ፤ ታሞክሲፌን ካለች ለሐኪሟ ደውዬ በሌላ እንዲተካ እጠይቃለሁ።

በዘር ስለሚመጣው ደግሞ አሜሪካዊቷ ተዋናይ አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2013 ብራካ 1 የተባለው ጂኗ ላይ ችግር ተገኝቶ ሁለት ጡቶቿን ካስወጣች ወዲህ ብዙ ሰው ሰምቷል። ከጡት ካንሰር በውርስ የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ በወጣትነት የታመመች ሴት ላይ ግን ጥርጣሬው ከፍ ይላል። ምርመራውን እኛ ጋ በቀላሉ አታገኙትም። ዘር መቁጠር ግን ወሎ ላይ ማን ይቸገራል? ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥር የለ! ቁጭ ብዬ የእናቴንም የአባቴንም ወገን አክስቶች ጠየቅኩ፤ በአባት በኩል የሚመጣውን ሰው ይረሳዋል። የአባቴ አክስት «በጡት ቁስል» እንደሞቱ የሰማሁት ያኔ ነው። ዕድሜያቸውን ማንም አያውቅም፤ «ገና ልጅ እግር ነበረች» ነው የተባልኩት። ለሐኪሟ እንደዚያው አድርገን ነገርናቸው፣ እሳቸውም ጻፉት። እኔም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እታያለሁ።

አሁን ቤታችን ውስጥ ያለው ክርክር ስለ እርግዝና ነው። የወር አበባዋ ተመልሷል። ታሞክሲፌን እየወሰዱ ማርገዝ አይሆንም፤ ፅንሱን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ፖዚቲቭ የተሰኘ ጥናት ግን ዕድሜያቸው እስከ 42 የሆነ፣ ካንሰራቸው ሆርሞን ተቀባይ የሆነ ከ500 በላይ ሴቶችን ተከታትሏል፤ ከ18 እስከ 30 ወር የሆርሞን ሕክምና ወስደው፣ ለማርገዝ እስከ ሁለት ዓመት አቋርጠው፣ ከዚያ የሚመለሱ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ክትትል ካንሰሩ ካላቋረጡት በልጦ አልተመለሰባቸውም። ከዚያ በኋላ ያለው ገና እየታየ ነው። ኪኒኑ ከቆመም በኋላ ሦስት ወር ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል።

የባሏ እናት አሁኑኑ ይሁን ይላሉ። እናታችን «አንድ ልጅ ይበቃል፣ አላህ ያሳድግልሽ» ትላለች። የባሏ ወንድም፣ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላም፣ «እኔ ገብቼ ሐኪሟን ላናግር» ብለው ተነስተው ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያርግዙልኝ እንዴ?» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም ሳቁ። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ላይ ከባሏ ጋር ትገባለች፤ የጥያቄዎቿን ወረቀት አሳየችኝ፣ የመጀመሪያው «ባቋርጥ የመመለሱ ዕድል በእኔ ደረጃ ስንት ነው?» የሚል ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ «ከወለድኩ በቀረው ጡቴ ማጥባት እችላለሁ?» ይላል። ለሁለተኛው መልሱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ትችላለች፣ ታሞክሲፌኑን እስክትመልስ ድረስ። ዝም አልኳት፤ ራሷ ትጠይቅ።